መለኪያው የጮኸበት ባል

እኔ የእሳት አደጋ መኪና ሾፌር ነኝ፤ ወሬ አልወድም። የእታለምን ነገር ግን ካልተናገርኩ ሆዴ አይችልም።

እታለም የምንላት የጨረር መለኪያዎቹን የምትይዘውን ባልደረባችንን ነው። ክፉ ሰው ጨረር ያለበት ነገር ከቦምብ ጋር ቀላቅሎ ቢያፈነዳ፣ የት ድረስ መጠጋት እንደምንችል የሚነግሩን እነዚያ በእጅ የሚያዙ ቢጫ መሣሪያዎች ናቸው። እንዲህ ያለ ቦምብ እኛ ጋ ፈንድቶ አያውቅም፤ አያምጣው። እሷ ግን ጠዋት ጠዋት አንድ በአንድ ትከፍታቸዋለች፣ ባትሪያቸውን ታያለች፣ ትንሽ ጨረር ያላት ሳንቲም የምታክል መሞከሪያ ታስጠጋላቸዋለች። ሲንጣጡ "ጎሽ የኔ ልጅ!" ትላለች።

"ለእኛም እንዲህ ብትይን ምን አለበት?" ስላት፣ "እናንተ ትዋሻላችሁ" ትለኛለች። ሥራዋን እንደሷ የሚወድ ሰው አላየሁም፤ ታስቀናለች።

ሰሞኑን ግን ፊቷ ጠቆረ። ባሏ ልብስ ሰፊ ነው፤ ዝምተኛ፣ እሷን ሲያይ ፊቱ የሚበራ ሰው። ድንገት ተነስቶ ሱቁ ውስጥ ማደር ጀመረ። ቤት ሲመጣ በር ላይ ቆሞ አውርቶ ይሄዳል፤ ትንሿን ልጁን እንኳ አያቅፍም። ሲጠየቅ "ሥራ በዛብኝ" ነው።

"ሌላ ሴት ይዟል" አለችኝ። "ልጅ የማያሳቅፍ ሥራ ምን ዓይነት ነው?"

እኔም በሆዴ እርግማኑን አወረድኩበት።

አንድ ቀን ጠዋት ለባሏ ደወለችና፣ ልጇን ይዛ እናቷ ቤት ልትገባ መሆኑን ቁርጡን ነገረችው። ስልኩን ዘግታ የጣቢያችን ግቢ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ መለኪያዎቿን ደረደረች። ስትሞክራቸው ቆይታ፣ አንዱ በራሱ ጊዜ ይንጣጣ ጀመር። "ተበላሸ!" ብላ ሌላ አነሳች። እሱም ጮኸ። ሌላ አነሳች፤ ያው ነው።

"ኧረ ዛሬ ምን ነካቸው!" ስትል ቀና አልኩ። ባሏ ላብ በላብ ሆኖ የግቢው በር ላይ ቆሟል።

"እታለም፣ እስቲ ወደሱ ጠጋ አድርጊው" አልኳት።

ትንሽ ራመድ አለች። መሣሪያው አበደ።

የሚያስቀው እዚህ ላይ ነው። ጨረር ያለው መድኃኒት ስላለ፣ መለኪያው የጮኸበትን ሰው መጀመሪያ "ሰሞኑን ሐኪም ቤት ታክመሃል ወይ?" በሉት ብላ ያስተማረችን እሷ ናት። ባሏን ግን ምን ብትለው ጥሩ ነው?

"ያቺ ሴት ምን አስነክታህ ነው?"

"የቷ ሴት?" አለ ሰውየው ግራ ገብቶት። አንገቱን ዳበስ አደረገ። "ይሄ እብጠት ነው እንጂ። ሐኪሙ ጨረር ያለው እንክብል አስዋጠኝ። ጨረሩ እስኪወጣልህ ከሰው ራቅ በል፣ በተለይ ከልጅ አለኝ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?" ብላ ስትጮህ ጣቢያው በሙሉ ወጣ።

"ብነግርሽ መች ትርቂኛለሽ?"

መለኪያውን እጄ ላይ ጥላ ወደሱ ሄደች። እሱ ወደ ኋላ ሸሸ። እሷ እያለቀሰች ትጠጋለች፣ እሱ "ኧረ ተይ፣ አንቺ እኮ ታውቂዋለሽ!" እያለ በአጥሩ ጥግ ጥግ ይሸሻል። እኔ መሣሪያውን ታቅፌ "እታለም፣ ቁሚ!" እያልኩ እከተላለሁ። ሳቃችንም እንባችንም አንድ ላይ መጣ።

በመጨረሻ ቆመች። ግቢው መሃላቸው ሆኖ እየተጯጯሁ ማውራት ያዙ። መጀመሪያ ሰደበችው፤ ከዚያ ምን እንደሚበላ፣ ማን እንደሚያጥብለት ጠየቀችው። ከዚያ ድምጿ ወረደ።

"ልጅህ 'አባባ ጠላኝ ወይ?' እያለችኝ ነው።"

ሰውየው ያን ጊዜ ተንሰቀሰቀ። "ነገ ሱቁ ማዶ አምጪልኝ፤ ከሩቅ ልያት።"

"አመጣታለሁ" አለችው፤ "አንተ ብቻ ዳንልኝ።"