«ተስማምቷታል» ያልነው እብጠት

«ፊቷ ሞላ፣ እጇ ሞላ፣ አልሃምዱሊላህ እርግዝናው ተስማማት እያልን ነበር፣ የኔ ልጅ» አሉኝ ዛሬ ከኩታበር የመጡ አማት።

ምራታቸው ጠዋት እያንቀጠቀጣት ሆስፒታል ገባች። ያለጊዜው የተወለደው ልጅ ማሞቂያ ውስጥ ነው፤ እሷ ገና አልነቃችም።

እኔ ደሴ ላይ ለእርግዝና ደም ግፊት ጥናት መረጃ የምሰበስብ ነርስ ነኝ። «እብጠት ነበራት?» ስላቸው መጀመሪያ «ኧረ የለም» ብለውኝ ነበር። ለካ የደም ግፊቱ ምልክት የነበረውን እብጠት ውፍረት ብለውታል።

(እኛ አገር የከሳ ይታዘንለታል፣ ያበጠ ይመረቃል።)

ወጥቼ ኮምቦልቻ ላለችው ነፍሰ ጡር እህቴ ደወልኩ። ትናንት እዚህ በለጠፍኩት ፎቶዋ ሥር «ተስማምቶሻል!» ያላችኋት እሷ ናት።

«ደህና ነኝ» አለች እየሳቀች። «ቀለበቴ ብቻ አልገባ ብሎኛል።»

አሁን ታክሲ ውስጥ ነኝ፣ ወደ እሷ እየወረድኩ።

እንዲህ ያጋጠማችሁ ጻፉልኝ። ግን መጀመሪያ «ተስማማሽ» ላላችኋት ደውሉና ቀለበቷ ይገባላት እንደሆነ ጠይቋት።