እሳት ያልነደደበት ቤት

ነገሩ ከሆነ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ወሩ ጥቅምት ነበር፤ የጉና ተራራ ገብስ ገና አልታጨደም። ዛሬም አመሻሹ ላይ ጭጋግ ሲወርድ ባየሁ ቁጥር እደነግጣለሁ። ባለቤቴ «አንቺ እኮ ሳይነኩሽ የምትጮኺ ሰው ነሽ» እያለ ይስቅብኛል። ይሳቅ! እሱ እዚያ አልነበረም።

የምኖረው ደብረ ታቦር ነው፤ አስተማሪ ነኝ። ታላቅ ወንድሜ ደሳለኝ ጀርመን አገር ከሄደ ብዙ ዘመኑ ነው። እዚያው አና የምትባል የአገሩን ሴት አግብቶ ሊያን ወልዷል። ሊያ ያኔ ስምንት ዓመቷ ነበር። የዚያን ዓመት እረፍታቸውን እኛ ዘንድ ለማሳለፍ አሰቡና ደሳለኝ ደወለልኝ።

«ጥቂት ቀን ከተማ እንቆያለን፤ ከዚያ ጉናን በእግራችን እንወጣለን። ማደሪያውን አንቺ ምረጪልን ዘውዴ» አለኝ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሊያ አስም አለባት። ጭስ ካገኛት ትንፋሿ ያጥራል። ባለፈው ሆስፒታል አስተኝተናት ነበር። ጭስ ያለበት ቤት እንዳታሳድሪያት፤ አደራ።»

አደራ ተብዬ እኔ እንቅልፍ ይወስደኛል? አልወሰደኝም።

ከከተማው ጀመርኩ። አባታችን፣ እኛ አባየ ነው የምንላቸው፣ እንግዶቹ እሳቸው ዘንድ እንደሚያርፉ አልተጠራጠሩም፤ ግድግዳውን አስለቅልቀው፣ አዲስ ፍራሽ አስገብተው ይጠብቁ ነበር። ግን እቤታችን የሚበስለው በእንጨት ነው፤ የጓዳው ጭስ ሳሎን ድረስ ይመጣል። ስለዚህ ሆቴል ፍለጋ ወጣሁ። አንደኛው ከሥሩ ጭፈራ ቤት አለበት። ሌላው «ሙቅ ውኃ አለን» ብሎኝ ቧንቧውን ስከፍተው አጉረምርሞ ዝም አለ። በመጨረሻ ከዋናው መንገድ ገባ ያለ፣ ጸጥ ያለ አንድ አገኘሁና ያዝኩ።

ለአባየ ስነግራቸው ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

«ልጄ አገሩ መጥቶ ሆቴል? ሰው ምን ይለኛል?»

«አባየ፣ የልጅቷ ጤና ነው። ጭሱ…»

ዝም አሉኝ። አባየ ሲቆጡ አልፈራም፤ ዝም ሲሉ ነው የምፈራው።

ቀጥሎ የተራራው ማደሪያ ነበር። አንድ ቅዳሜ ከጉና ሥር ወዳለችው ወደ ክምር ድንጋይ ከተማ ሄጄ ከዚያ በላይ ያለውን መንደር ዞርኩት። መጀመሪያ አያ ሞላ ዘንድ ገባሁ፤ ሳልገባ ማለፍ አይሆንልኝምና። አያ ሞላ የአባየ ሚዜ ናቸው። በእኛ አገር ሚዜ ማለት ለሠርጉ ቀን ብቻ አይደለም፤ ዕድሜ ልኩን ወንድም ነው፤ የሚዜ ልጅም ልጅ ነው። ቤታቸው ግን ክብ ሣር ቤት ነው። እሳቱ መሐል ለመሐል ይነድዳል፤ መስኮት የለውም። በጉና ብርድ ደግሞ እሳት አይጠፋም፤ ሲያንቀላፉ እንኳ ረመጡን በአመድ ዳፍነው ያሳድሩታል። ትንሽ እንደተቀመጥኩ ዓይኔ እንባ በእንባ ሆነ። «እናያለን አያ» ብዬ ወጣሁ።

የመረጥኩት የአክስቴን ልጅ የአስናቁን ቤት ነው። ቆርቆሮ ቤት፣ ማድ ቤቱ ለብቻው፣ የእንግዳ ክፍሉም መስኮት ያለው። መስኮቱን ከፍቼ ዘጋሁ፣ ግድግዳውን አሸተትኩ፣ ሽንት ቤቱንም አየሁ። አስናቁ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «ምነው እቴ፣ ቤት ልትገዢ ነው የመጣሽው?» አለችኝ። ምን ትበል!

ማታ ለአባየ ነገርኳቸው። «የአያ ሞላ ቤትስ ልጅቷን በጭስ ይፈጃታል» አልኩ። አሁንም ዝም። እኔ ሞኟ የተስማሙ መሰለኝ።

እንግዶቹ መጡ። የከተማው ቀን ጥሩ አለፈ። እግራቸውን ለማፍታታት አንድ ቀን ከከተማው አጠገብ ወዳለው ጋፋት በእግር ወሰድናቸው። ሊያ እንደ ፍየል ግልገል እየዘለለች ከፊት ከፊት ትሮጣለች። መንገድ ዳር አንዲት ሴት ጉድፍ ሰብስባ እሳት ለቃበት ነበር። ነፋሱ ጭሱን ወደ እኛ መለሰው። ወዲያው ልጅቷ ቆመች። ደረቷ ሲር ሲር ይል ጀመር፤ ከንፈሯ ሲጠቁር በዓይኔ አየሁት። አና ከቦርሳዋ የሚነፋውን መድኃኒት አውጥታ አፏ ላይ አደረገችላት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተነፈሰች። ከዚያ ቀን ወዲያ ጭስ ባየሁ ቁጥር የምቆጥረው እንደ አውሬ ነው።

ጉናን የወጣን ዕለት ጠዋቱ ብሩህ ነበር። የአስናቁ ባል በቅሎ ይዞ ክምር ድንጋይ ድረስ ተቀበለን። ከፍታው አናን ራስ ምታት ስላስያዛት እሷ በቅሎ ላይ ወጣች፤ የመድኃኒቱ ቦርሳም ከእሷ ጋር። ደሳለኝና ሊያ በእግራቸው ቀደሙን። ሊያ ከሰው ቁመት በላይ የረዘመውን ጅብራ አይታ አበደች፤ እንዲህ ያለ ተክል አይታ አታውቅም። ደሳለኝ ዞሮ «እዚያ ጋራው ላይ ካለው ጅብራ ሥር እንጠብቃችኋለን!» ብሎ ጮኸና ሄዱ።

ጭጋጉ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ ጋራውን ሸፈነው፤ ቀጥሎ የበቅሎዋን ጆሮ እንኳ ለማየት አስቸገረን። ጅብራው ሥር ስንደርስ ማንም የለም። ተጣራን። የራሳችን ድምፅ ብቻ ነው የተመለሰው። ስልክ ሞከርኩ፤ ኔትወርክ የሚባል የለም።

«ደሳለኝ እዚህ ያደገ ልጅ ነው፤ ቀድሞን ወርዶ ይሆናል» አለ የአስናቁ ባል። እሺ አልነው። ሌላ ምን እንላለን? በበቅሎው መንገድ አስናቁ ቤት ወረድን። ቁልቁለቱን ሙሉ «እመቤቴ፣ አደራሽን» እያልኩ ነው የወረድኩት።

አስናቁ እጇን ዘርግታ ከደጅ ተቀበለችን። «ልጅቷስ?» አለች። ልጅቷስ! አልመጡም።

አና ከበቅሎዋ ዘልላ ወረደች። በምታውቃት አማርኛ «ሊያ የት? ዘውዴ፣ ሊያ የት?» ትለኛለች። ቢያንስ አና ትቀመጥ ብዬ የእንግዳውን ክፍል ብከፍተው ጉሮሮዬን አነቀኝ። ሁለት ማንደጃ ሙሉ ከሰል! መስኮቱ ተዘግቶ ክፍሉ በጭስ ታፍኗል።

«ብርድ እንዳይመታት ከቀትር ጀምሬ አሙቄላት ነው» አለች አስናቁ፤ ፊቷ በደስታ እያበራ። ምን ልበላት? ጭስ የማይገባበት ቤት መረጥኩ እንጂ ከሰል አታግቢ ብዬ ነግሬያት አላውቅም። ማንደጃዎቹን ጎትቼ አወጣሁና መስኮቱን በረገድኩት። ደግሞ «ለማን ነው የምከፍተው?» አልኩና እንባዬ መጣ። ልጅቷ እኮ የለችም። መድኃኒቷ እዚህ ነው፤ እሷ የት እንዳለች አይታወቅም፤ ሊመሽ ነው።

የአስናቁ ባል ጉብታው ላይ ወጣና እጁን አፉ ላይ አድርጎ ተጣራ። «እናንት ሰዎች! አባትና ልጅ እንግዳ ያያችሁ!» ከማዶ አንዱ ተቀበለው፤ ከዚያ ማዶ ደግሞ ሌላው። ድምፁ በጭጋጉ ውስጥ ከቤት ቤት እየተላለፈ ራቀ። አና እጄን ይዛ ቆማለች፤ ጥፍሯ ሥጋዬ ውስጥ ገብቷል። ከብዙ ጥበቃ በኋላ መልሱ በዚያው መንገድ እየተቀባበለ ተመለሰ።

«አያ ሞላ ቤት ናቸው!»

አስናቁ እልል አለች። እኔ ግን የባሰ ፈራሁ። ከዚያ ሁሉ ቤት መርጠው! ዓይኔን ያስለቀሰኝ፣ መስኮት የሌለው፣ እሳቱ መሐል የሚነድደው ቤት! «አናን ይዘን ቶሎ እንሂድ» ከማለት በቀር ማብራራት አልቻልኩም። ሁላችንም ወጣን። አና ቦርሳውን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። በየድንጋዩ እየተደናቀፍን፣ በጋፋት የሰማሁት የደረቷ ሲር ሲር ጆሮዬ ላይ እየጮኸ፣ ተራመድን።

ስንቃረብ ጭጋጉ ሳሳ። በዚያ ሰዓት ከመንደሩ ሣር ቤት ሁሉ ጣሪያ ጭስ ይወጣ ነበር። ከአያ ሞላ ቤት ግን ምንም አይወጣም። ጭስ ስፈራ ቆይቼ ጭስ በማጣቴ ደነገጥኩ። አሟት ተሸክመዋት ሄደዋል፣ ቤቱ ባዶ ነው አልኩ በልቤ። «አያ! አያ ሞላ!» ብዬ በሩን ገፋሁት።

ውስጡ ከውጭው ይበርድ ነበር። ምሰሶው ላይ የሶላር መብራት ተሰቅሏል። የእሳቱ ቦታ ተጠርጎ፣ በእበት ተለቅልቆ፣ ትኩስ ቄጠማ ተጎዝጉዞበታል። አያ ሞላ፣ ባለቤታቸው እትየ ጠጅቱና ቤተሰቡ ሁሉ ጋቢና ደበሎ ተከናንበው፣ ጉልበታቸውን ታቅፈው ኩርምት ብለዋል። ሊያ መደቡ ላይ በበግ ለምድ እስከ አንገቷ ተጠቅልላ ድንች ትልጣለች።

«ዘውዴ! ድንች!» አለችኝ።

አና ሄዳ ወደቀችባት። ጆሮዋን ደረቷ ላይ አስደግፋ አዳመጠች። ቀና ስትል ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ግን በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ደህና ናት። መድኃኒቱን ለጥንቃቄ ሰጠቻት፤ ልጅቷም ስባው ወደ ድንቿ ተመለሰች።

ያኔ ደሳለኝ ላይ ጮህኩ። «ምን ዓይነት ሰው ነህ? ልትገድለን ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ?» አለ ግራ ገብቶት። «አያ ጅብራው ሥር ቆመው ጠበቁኝ። ማደሪያችሁ እኔ ዘንድ ነው፣ አባትህ ነው ያለው አሉኝ። የምታውቂ መስሎኝ።»

አያ ሞላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አትቆጭው ልጄ። አባትሽ ገበያ አግኝቶኝ ነው። ከተማ ላይ ቤቴ አላደሩልኝም፤ ተራራው ላይ እንኳ ካንተ ቤት ይደሩልኝ አለኝ። ላንቺ ቢነግርሽ እንቢ እንደምትይ ያውቃል። እናንተንም ልጄ በታችኛው መንገድ እንዲቀበላችሁ ልኬው ነበር፤ አልተገናኛችሁም መሰል።»

«እሳቱስ አያ?» አልኳቸው።

«ጭስ አይስማማትም ብሎ ነግሮኝ የለ? ከትናንት ወዲያ አጠፋነው። ሣሩ የጠጣው ጭስ እንዲወጣ ብለን በሩን ከፍተን ነው የሰነበትነው።»

ወይ ጉድ! በጉና ብርድ፣ በር ከፍቶ፣ ያለ እሳት! ድንቹ የተቀቀለው ጎረቤት ነው። እግራችንን ያጠቡበት ውኃም የሞቀው ጎረቤት ነው። እትየ ጠጅቱ እግሬን ሊያጥቡ ሲጎነበሱ «በሞቴ ይተዉ» ብዬ እጃቸውን ብይዘው በረዶ ነው። እጃቸውን አልለቀቅኩም። አቅፌያቸው አለቀስኩ። «ምነው ልጄ፣ ማን ሞተ?» አሉኝ።

አስናቁ ቅር እንዳላት ፊቷ ላይ አይቻለሁ፤ እንግዶቿን ነው የተነጠቀችው። ግን ባዶውን ምድጃ አየችና ጋቢዋን አውልቃ እትየ ጠጅቱ ላይ ደረበችላቸው። «ነገ ምሳ ግን የኔ ናቸው» አለች። እዚያው አደርን። ሊያ ከሁላችንም ይልቅ ደህና ተኛች። እኔ ትንፋሿን ሳዳምጥ አነጋሁ።

ጠዋት ስንሰናበት እትየ ጠጅቱ በነጠላቸው ሥር ገል ደብቀው ቆመዋል። ከጎረቤት እሳት ሊጭሩበት ነው፤ ግን ሊያ እዚያው ስላለች አልተነቃነቁም። በርዷቸው እየተንቀጠቀጡ እንኳ ግንባሯን ስመው «ብርድ ገደለን ብዬ ቶሎ ቶሎ ሂዱ አልልም» ብለው አሳቁን። ጋራውን ካለፍን በኋላ ዞር አልኩ። ከጣሪያቸው ላይ ቀጭን ጭስ መውጣት ጀምሮ ነበር።

ስመለስ አባየ ላይ ልጮህ አስቤ ነበር። «ልጆቹ ደህና አደሩ?» አሉኝ፣ ከበሩ ላይ ቆመው፤ ሌሊቱን እንዳልተኙ ዓይናቸው ይናገራል። ጉልበታቸውን ሳምኩና ገባሁ። እኔ ቤት ስመርጥ መስኮትና ግድግዳ ነበር የማየው። ከዚያ ወዲህ ሰው «ለእንግዳ የሚሆን ጥሩ ማደሪያ ጠቁሚኝ» ሲለኝ አፌ ይተሳሰራል። ፍርሃቱ ግን ዛሬም አልለቀቀኝም፤ ያ ሁሉ ሰው ደግ ሆኖ ልጅቷን ልናጣት እንችል ነበር።

ሊያ አሁን አድጋለች፤ አማርኛዋም ተሻሽሏል። በደወሉ ቁጥር ስልኩን ከአባቷ ትቀማና ከሰላምታ በፊት አንድ ነገር ትጠይቀኛለች።

«ዘውዴ፣ እነአያ ሞላ ቤት እሳት አለ?»

«አለ የኔ ልጅ» እላታለሁ። «ይነድዳል።»