ፕሮኮፒ ያዋሰው ባትሪ

ባሌ ፕሮኮፒ ደግ ሰው ነው። መንደሩ ሁሉ ይመሰክርለታል። እኔን ግን ይሄ ደግነቱ አንገሽግሾኛል።

እኛ የሳይቤሪያ ያኩቶች ዘንድ በብርዱ ወራት መኪና ውጭ ቢያድርም ባትሪው ቤት ይገባል። ውጭ ያደረ ባትሪ ጠዋት ድንጋይ ነው። ፕሮኮፒ ማታ ማታ ነቅሎ ያመጣውና ምድጃው አጠገብ የአጋዘን ቆዳ አንጥፎ ያስተኛዋል። እኔ ሁለት ካልሲ ደርቤ ተኮራምቼ ሳድር ባትሪው እንደ አራስ ሲሞቅ ያድራል። ይባስ ብሎ የመንደሩም ባትሪ ይኸው ነው። መኪናው እምቢ ያለው ሁሉ ጎህ ሳይቀድ በራችንን ያንኳኳል። «ጋሽ ፕሮኮፒ፣ አንዴ ብቻ ላስነሳበት» ነው ልመናው። ፕሮኮፒ ደግሞ አይሆንም ማለት አልፈጠረበትም።

አንድ ማታ ግን አስቀድሜ ለምኜው ነበር። እህቴ ቫርቫራ ከወንዙ ማዶ የወረዳው ሆስፒታል ተኝታለች። እናታችን ስትሞት እኔ ገና ጡት አልጣልኩም ነበር፤ ያሳደገችኝ እሷ ናት። በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ በአውሮፕላን ወደ ከተማ ሊልኳት ነው፤ ትመለሳለች ብሎ ደፍሮ የነገረኝ ሐኪም የለም። ሳትሄድ አቅፌ ልስማት ፈለግሁ። ሌላ ምንም አልፈለግሁም።

«ነገ ለማንም እንዳትሰጥ» አልኩት ከመተኛታችን በፊት።

«እሺ አልኩሽ እኮ፣ ማትርዮና።»

ጠዋት ስነሳ ቆዳው ባዶውን ተነጥፏል።

«ባትሪው የታለ?»

ፕሮኮፒ ከብርድ ልብሱ ውስጥ ብቅ አለ። «ሴምዮን ወስዶታል። አሁን ይመልሰዋል።» ሴምዮን ጎረቤታችን ነው፤ ዓሣ አጥማጅ።

«ምን ብዬህ ነበር እኔ?»

«ሰውዬው በር ላይ ቆሞ እየተንቀጠቀጠ ምን ልበለው? ሰው ነው እኮ።»

«እኔስ? እኔ ምንህ ነኝ?»

ተመልሶ ብርድ ልብሱ ውስጥ ገባ። ሲያጠፋ መደበቅ ያውቅበታል።

ሴምዮንን ልፈልግ ካፖርቴን ደርቤ በሩን ስከፍት ባትሪው ደጃፉ ላይ በረዶ ውስጥ ተቀምጧል። ላዩ ላይ ለምስጋና አንድ ዓሣ አጋድሞበታል። መኪናውን አስነስቶ ሲመጣ ቤቱ ጨልሞ አገኘው፤ ተኝተዋል፣ አልቀስቅሳቸው ብሎ አስቀምጦት ሄደ። ጨዋ መሆኑ ነው እንግዲህ። እንዲህ ያለ ጨዋነት ይቅርብኝ።

ፕሮኮፒ ገጥሞ ቁልፉን አዞረ። ጠቅ አለ እንጂ ሞተሩ አልነሳም። ደግሞ ሲያዞረው ጠቅም ማለቱን ተወ። ነቅሎ ወደ ቤት መለሰው። ጎረቤት ሮጥኩ፤ ባለመኪናው ሁሉ ሥራ ሄዷል። በኛ ባትሪ መኪናውን ያላስነሳ በመንደሩ የለም፣ የሚያስነሳልን ግን አንድ ሰው ጠፋ።

«ወደ ምድጃው ጠጋ አድርገው» አልኩት።

«ቀስ ብሎ ነው መሞቅ ያለበት። ካጣደፍሽው ይሰነጠቃል።»

«አንተን ማን ባጣደፈልኝ።»

ካፖርቴን ሳላወልቅ፣ ቆቤን እንደደፋሁ ባትሪው ፊት ተቀመጥኩ። ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል። ፕሮኮፒ በመዳፉ ይነካካዋል፣ እኔ ሰዓቱን አያለሁ። በመጨረሻ አላስችል አለኝ።

«ለመንደሩ አባት ነህ» አልኩት፣ «ለኔ ግን የእንጀራ አባት ሆንክብኝ።»

ቀና ብሎ አላየኝም። ባትሪውን አንስቶ ወጣ።

ሞተሩ ሲነሳ ደስ እንኳ አላለኝም፤ በጣም ዘግይተን ነበር። በረዶ ሆኖ በጠጠረው ወንዝ ላይ ነዳን። መሀል ወንዝ ላይ ስንደርስ ከማዶ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ተነሳች።

ፕሮኮፒ ፍሬን ያዘ። እኔ ወርጄ ሮጥኩ፤ ወዴት እንደምሮጥ እንጃ። ቀዩን ሻርፔን ፈትቼ እጄ እስኪደነዝዝ አውለበለብኩ። አውሮፕላኗ በላያችን አልፋ ጉም ውስጥ ገባች። ቫርቫራ ከከተማ በሕይወት አልተመለሰችም።

ፕሮኮፒ ከኋላዬ መጥቶ ቆመ።

«አይታሻለች» አለኝ። «በመስኮቱ በኩል ነው የሚያስተኟቸው። አይታሻለች።»

በየት በኩል እንዳስተኟት እንደማያውቅ አውቃለሁ። በዚያች ደቂቃ ላንቀው ፈልጌ ነበር።

«እስቲ ድገመው፤ አይታሻለች በለኝ» አልኩት።