ቡሬ በበርበሬ ሚዛን ላይ

በደብረ ታቦር ዳርቻ እትዬ ፍቅርተን የማያውቅ በግ አርቢ የለም። የማንም በግ ሆዱ ሲነፋ የሚኬደው ወደ እሳቸው ነው። የትል ክኒኑን በቢላ ይከፍሉታል፤ ግማሹ ለጠቦት፣ ሙሉው ለትልቅ በግ። ሚዛናቸው ዓይናቸው ነው፤ እስካሁንም አንድም በግ አልሞተባቸውም።

ዘንድሮ የታመመችው ግን ቡሬ ነበረች። ስሟ የበሬ ነው፤ እሷ ግን ገና ጥርሷ በቅጡ ያልጠነከረ የድመት ግልገል ናት። እናቷ የተመረዘች አይጥ በልታ ሞታለች። እትዬ ፍቅርተ ለጎረቤት «ለጎታዬ ጠባቂ ነው የማሳድገው» ይላሉ፤ ነጠላቸው ውስጥ ካልተኛች ግን እንቅልፍ አይወስዳቸውም።

የቡሬ ሆድ እንደ ቅል ተነፋ፤ በኩሷም ክር የመሰለ ትል ታየ። እትዬ ፍቅርተ የበጉን ክኒን አወጡ። ከፈሉት፤ እንደገና ከፈሉት። ቢላው የቻለው ትንሹ ፍርፋሪ አሁንም የቡሬን ምላስ ያክላል። እናቷን የገደለው በአንዲት አይጥ ሆድ ያለ መርዝ መሆኑ ትዝ አላቸውና እጃቸው ቆመ። ቡሬን በነጠላቸው አቅፈው ወደ እንስሳት ክሊኒክ ባጃጅ ተሳፈሩ።

«ስንት ትመዝናለች?» አለች የእንስሳት ሐኪሟ ርብቃ።

«እኔ ምን አውቄ ልጄ፤ እፍኝ ናት።»

የክሊኒኩ ሚዛን ለበግ የተሠራ ስለሆነ መርፌው ንቅንቅ አላለም። ርብቃ ሳቀችና መንገድ ተሻግረው በርበሬ ሻጯ መሠረት ዘንድ ሄዱ።

«ይቺ በኪሎ ስንት ናት?» አለች መሠረት።

«አፍሽን ያዥና ሚዛኑን ጥረጊ! ዓይኗን ልታቃጥይብኝ ነው?» አሉ እትዬ ፍቅርተ።

ቡሬ ግማሽ ኪሎ እንኳ አልሞላችም።

«አዩ እትዬ፣» አለች ርብቃ፣ «በግዎ ሠላሳ ኪሎ ቢሆን፣ ሲከፍሉ በፍርፋሪ ቢስቱ ብዙ አይጎዳውም። ለእሷ ግን ያቺው ፍርፋሪ የብዙ ድመት ድርሻ ናት። ደግሞም ለበግና ለከብት የሚሆን ሁሉ ለድመት ጨቅላ አይሆንም።»

«መድኃኒት አይደል እንዴ?»

«ነው፤ ለበግ።»

ከዚያ ለድመት ጨቅላ የሚሆነውን ፈሳሽ በክብደቷ ልክ ለክታ፣ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ በጉንጯ በኩል ጠብ ጠብ አደረገችላት። ትል አንዴ በተሰጠ መድኃኒት አያልቅም፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሰው እንዲመጡ ነገረቻቸው።

በማግስቱ የወጣውን የትል ጉንጉን እትዬ ፍቅርተ ጎረቤት ጠርተው አሳዩ። በቀጠሮው ቀንም ቀጥታ ወደ መሠረት ሄዱ።

«ኧረ ከብዳለች! ምን እያበሉ ነው?» አለች መሠረት። እትዬ ፍቅርተ የተመሰገኑት እሳቸው ይመስል ነጠላቸውን አስተካከሉ።

ሰሞኑን አያሌው የሚባል ጎረቤት በግ እየጎተተ መጣ። እትዬ ፍቅርተ ቢላውን ሳያነሡ «ስንት ይመዝናል?» አሉት።

«በዓይንዎ አይደል የሚያውቁት?»

«ዓይኔንማ ተወው፤» አሉ፤ ቡሬ የቀሚሳቸውን ጫፍ እንደ አይጥ እያደነች ነበር። «ዓይኔ ይቺን ሊገድልብኝ ነበር።»