ተከድና የከረመች ጽዋ

ባለፈው ክረምት የወንድሜ ልጅ ከመንዝ ሲመጣ አንድ ባና ይዞልኝ መጣ፤ ከአገር ቤት በግ ጠጉር የተፈተለ፣ ጥቁር፣ አንድ ሰው ብቻውን አጥፎ የማይችለው ዓይነት ባና። ደብረ ብርሃን ብርድ አላጣችም፣ እኔም ብርድ ልብስ አላጣሁም፤ ግን የመንገዱ ዝናብ አበስብሶት ስለነበር በረንዳው ላይ ዘርግቼው ልገባ ስል የእርጥብ ሱፍ ሽታ ተከትሎኝ ቤት ገባና የያዝኩትን ሥራ አስጣለኝ። ሌላ ሰው ይህን ሽታ ሲሸተው በግ ይታየው ይሆናል። ለእኔ የሚታዩኝ ወር በገባ በአሥራ ሁለት፣ በዝናብ ተደብድበው ቤታችን የሚሰበሰቡት፣ ከበርኖሳቸው ላይ እንፋሎት እየተነሣ እሳታችንን ከበው የሚቀመጡት የሚካኤል ማኅበርተኞች ናቸው።

ቤታችን ጓሳ ከሚባለው የሣር ተራራ ግርጌ ነበር። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የሚገባው ጭጋግ ነው፣ ሰው የሚገባው ከእሱ ቀጥሎ ነው እያለ አባቴ ይቀልድ ነበር፤ እውነትም አንዳንድ ቀን እንግዳው ማን እንደሆነ የምናውቀው እሳቱ ዘንድ ደርሶ ሲቀመጥ ነው። የማኅበሩ ጽዋ ከተረኛ ወደ ተረኛ እየዞረች ዓመቱን ሙሉ በእንግድነት የምትኖር፣ ሆደ ሰፊ፣ ጥቁር የሸክላ ዕቃ ነበረች፤ ተረኛው ጠላውን ይሞላባታል፣ በነጭ ጨርቅ ይከድናታል፣ መምሬ ጥበቡ ጸሎት አድርሰው ባርከው ጨርቁን ሲያነሡ ሁሉም በየተቀመጠበት ተራ ከዚያችው ከአንዷ ይጎነጫል። ጨርቁ ከመነሣቱ በፊት ግን ሙሴው፣ ማለትም የማኅበሩ አለቃ፣ ያዘነና የተቀየመ ሰው እንዳለ መጠየቅ አለበት፤ ቂም የያዘ ሰው ከጽዋዋ መቅመስ አይችልምና። መቼም የተቀየመ አይጠፋም። የአንዱ በቅሎ የሌላውን ገብስ ቀንጥባ ይሆናል፣ የአንዷ ዶሮ የጎረቤቷ ጓሮ እንቁላል ጥላ ይሆናል። ያ ሁሉ ተነግሮ፣ ተወቃቅሶ፣ ይቅር ለእግዚአብሔር ተባብሎ እስኪያልቅ ድረስ ዳቦው ስለማይቆረስ እኛ ልጆች የእርቅን ነገር የምናየው በሆዳችን በኩል ነበር፤ ቶሎ የሚታረቅ ሰው ለእኛ ጻድቅ ነው፣ ክርክር የሚያበዛውን ግን በሆዳችን እንረግመዋለን።

አባቴ የሚቀመጥባት ቦታ ከአያቴ የወረሳት ስለሆነች በዕድሜ ከብዙዎቹ ቢያንስም ጽዋዋ ቀድማ ለእሱ ትደርስና እሱ ጎንጨት ብሎ ከጎኑ ለሚቀመጡት ለአያ ደምሴ ያቀብላል። አያ ደምሴ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሳቃቸው ከቁመታቸው የሚበልጥ ሰው ነበሩ፤ ሚስታቸው እትዬ አስካለ ደግሞ የክርስትና እናቴ ናቸው። ሁለቱ ሰዎች አብረው ያርሱ፣ አብረው ያጭዱ፣ ወደ ራቤል ገበያ የሚወስደውን መንገድ በጎቻቸውን እየነዱ አብረው ይወጡ ነበር። እናቴ አባቴን ስታጣው የምትልከን በቀጥታ እነ እትዬ አስካለ ቤት ነበር፤ እዚያ ከሌለ ሁለቱም የሉም ማለት ነው፣ አያሳስብም።

ጓሳን የሚያውቅ ሰው ሕጉንም ያውቃል። ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፤ ሽማግሌዎቹ ከፈትን እስኪሉ ድረስ በግ አይሰማራበትም፣ ማጭድ አይገባበትም፤ ሲከፈት ሁሉም በአንድ ቀን ወጥቶ ለጣራውም ለገመዱም የሚሆነውን ያጭዳል። ነገሩ በተነሣበት ክረምት ጓሳው ዝግ ነበር። የአያ ደምሴ እናት ታመው በተኙበት ጥግ በኩል ጣራው ማፍሰስ ጀመረ፤ እንስራ ቢደቅኑለት፣ አልጋውን ቢያዞሩ፣ ባና ቢሰቅሉበት ውኃው አሮጊቲቱን ፈልጎ የሚያገኛቸው ይመስል ነበር። አንድ ጭጋጋማ ጠዋት አባቴ የጠፋችበትን በቅሎ ሲፈልግ ዝጉ ጓሳ ውስጥ ጎንበስ ብሎ የሚያጭድ ሰው ፊት ለፊት ገጠመው። አያ ደምሴ ነበሩ። ሁለቱም እንደወትሮው እንዴት አደሩ፣ እንዴት አደርክ ተባባሉ፣ ስለ በቅሎዋ ተጠያየቁ፣ ስለ ማጭዱ ግን አንድም ቃል ሳይነጋገሩ ተለያዩ።

የታጨደው ቦታ መታየቱ አልቀረም። አገሬው ቤተ ክርስቲያኑ ፊት ያለው ሜዳ ላይ ለአውጫጭኝ ተጠራ፤ አውጫጭኝ ማለት እንግዲህ ሁሉም ተሰብስቦ በየተራው ያየውን እንደማይደብቅ እየማለ፣ አይቻለሁ ወይም አላየሁም ብሎ የሚናገርበት፣ ማንም ሳይናገር የማይነሣበት ጉባኤ ነው። ማኅበርተኞቹ እንደለመዱት በጽዋቸው ተራ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር። የአባቴ ተራ ሲደርስ ተነሣ፣ ማለ፣ መሬት መሬት እያየ ያጨዱት አያ ደምሴ መሆናቸውን ተናገረ። በመሐላ ፊት ምን ማድረግ ይችል ነበር? ሽማግሌዎቹ በደንቡ ፈረዱና ጣራው ላይ የተደፈነው አዲስ ሣር ተገፍፎ ወርዶ ለቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት መክደኛ ሆነ፤ አሮጊቲቱን ጎረቤት ተሸክሞ ወደ ሌላ ቤት አዛወራቸው። ከተሸከሟቸው አንዱ አባቴ ነበር፤ አያ ደምሴም አልከለከሉትም፣ ግን ቀና ብለው አላዩትም።

በሚቀጥለው ሚካኤል ሙሴው እንደ ደንቡ ሲጠይቅ አያ ደምሴ ማዘናቸውን በአንድ ቃል ተናገሩ። ለምን ቢሏቸው፣ ምን ይደረግልዎ ቢሏቸው መልስ የለም። ማኅበሩ መከረና ሁለቱ ሳይታረቁ ማንም እንዳይጠጣ ወሰነ፤ ጨንቋቸው ይታረቃሉ ተብሎ ነበር። ጽዋዋ እንደተከደነች ለተረኛው ተሰጠች። በየወሩ ይሰበሰባሉ፣ ይጸልያሉ፣ ዳቦው ለእኛ ለልጆች ሲባል ይቆረሳል፣ ጨርቁ ግን አይነሣም፤ ያ ሁሉ ሰው አንገቱን ደፍቶ የተከደነች ጽዋ እያየ ቁጭ ብሎ ይውልና በርኖሱን አራግፎ ይሄዳል።

እርቁ እንዳይሆን የያዘው ነገር ደግሞ ለማያውቅ ሰው የሚያስቅ ነው። በአገራችን ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ ነው የሚመጣው፤ ታዲያ ድንጋዩን ማን ይሸከም? አባቴ በዕድሜ ያንሳልና እሱ ይሸከም የሚሉ ነበሩ፤ አባቴ ግን ድንጋይ ተሸክሞ ቢሄድ የመሰከረው ሐሰት ነበር ማለት ይሆንበታል፣ የማለው ደግሞ በሚካኤል ስም ነው። ያጠፉት አያ ደምሴ ናቸውና እሳቸው ይሸከሙ የሚሉም ነበሩ፤ እሳቸው ደግሞ ጣራዬ ተገፍፏል፣ ቅጣቴን ተቀብያለሁ፣ ከዚህ በላይ ምን ቀረብኝ ባይ ናቸው። መምሬ ጥበቡ ሁለቱም ይሸከሙ ሲሉ ማን ቀድሞ ተሸክሞ ይምጣ የሚል ክርክር ተነሣ። አጨዳው መጣ፣ አለፈ። ገና መጣ፣ ጥምቀት አለፈ። ሽማግሌ ሆኖ የሚሟገተው ሰው እየበዛ፣ ሁለቱ ሰዎች እየራቁ ሄዱ።

ሴቶቹ ግን አልተጣሉም። እናቴና እትዬ አስካለ ምንጭ ላይ ይገናኛሉ፣ እርሾ ይዋዋሳሉ፣ የእኔ ቀሚስ ተቀዶ ክርስትና እናቴ ጠቅመውት ይመለሳል፤ አባቴ ያን የማያውቀውን ስፌት አይቶ እንዳላየ ያልፋል። አንዳንዴ ከምንጩ መልስ እናቴን ስለ አሮጊቲቱ ደኅንነት ይጠይቃታል፣ ስለ አያ ደምሴ ግን አይጠይቅም። እናቴም ሳትጠየቅ፣ ለእንስራው የምትናገር ይመስል፣ የእሳቸውንም ነገር ጨምራ ትናገራለች። እንዲህ እያለን ነው አያ ደምሴ መሳል መጀመራቸውን የሰማነው።

መምሬ ጥበቡ መጨረሻ ላይ ክርክሩ ሰልችቷቸው በፋሲካ ሁለቱንም እጃቸውን ይዘው ሊያስታርቁ ቆረጡ። አባቴም ስለ ድንጋዩ መከራከር ተወ፤ ጓሮ ወርዶ አንድ ደህና ድንጋይ መርጦ ደጃፍ ላይ ሲያስቀምጥ አይቼዋለሁ፤ እናቴም አይታ ፊቷን አዙራ ዓይኗን ጠረገች። አያ ደምሴ ፋሲካን አልደረሱም። ሰሙነ ሕማማት ሳይገባ፣ ጠዋት እሳት ዳር እንደተቀመጡ አረፉ።

መቃብር የሚቆፍሩት ማኅበርተኞች ናቸውና አባቴም ዶማውን ያዘ። ሌሎቹ እየተፈራረቁ ሲያርፉ እሱ አላርፍ አለ። ፍትሐቱ አልቆ ግብዓተ መሬቱ ሊፈጸም ሲል መምሬ ጥበቡ እንደ ሥርዓቱ ወደ ሕዝቡ ዞረው ያዘናችሁባቸው ካላችሁ ይቅር በሏቸው አሉ፤ ሕዝቡም በአንድ ድምፅ እግዚአብሔር ይቅር ይበላቸው አለ። አባቴ ግን አፈሩ ላይ እንደቆመ አፉ አልተከፈተም። ሁሉም ዝም ካለ በኋላ ነው ድምፁ የተሰማው።

«እኔንስ ማን ይቅር ይበለኝ?»

በሠልስቱ እናቴ ንፍሮ፣ እሱ አንድ ሸክም እንጨት ይዘን ለቅሶ ቤት ሄድን። እንጨቱን አውርዶ ሊወጣ ሲል እትዬ አስካለ ተቀመጥ አሉት። ፊታቸው ተቧጥጦ አብጧል፣ ድምፃቸው ግን አልተንቀጠቀጠም።

«ተክሌ፣ ደምሴ እንዳልናገር ገዝቶኝ ነው እስከ ዛሬ ያልነገርኩህ። የአውጫጭኙ ዋዜማ ማታ፣ ነገ ተራዬ ሲደርስ ያጨድኩት እኔ ነኝ እላለሁ፣ የእናቴን ነገር ሰምተው ይፈርዱልኛል ብሎኝ ነበር። ተራው ካንተ ቀጥሎ ነበር። ምነው ባየኸው ማግስት ብቅ ብለህ፣ አይቻለሁ፣ እንዴት እናድርግ ብትለው ኖሮ?»

አባቴ አያ ደምሴ ለምን ራሳቸው እንዳልነገሩት ጠየቀ። እትዬ አስካለም የተጋለጠ ሰው ልናገር ነበር ቢል ማን ያምነዋል፣ አንተስ ታምነው ነበር ወይ አሉት። አባቴ ተነሥቶ ወጣ። መንገድ ላይ እናቴ ስታለቅስ ሰማኋት፣ እሱ ግን ከፊታችን በጣም ርቆ ስለሄደ እንዴት እንደሆነ አላውቅም።

ቂመኛው ሞቷልና ማኅበሩ ጽዋዋን ከፈተ። የአያ ደምሴን ቦታ እትዬ አስካለ ወረሱ። አባቴ ግን ጽዋዋ ስትደርሰው በሁለት እጁ ይቀበላል፣ ወደ አፉ አያስጠጋትም፣ ዞሮ ለእትዬ አስካለ ያቀብላቸዋል። ሙሴው ቢመክረው፣ መምሬ ንስሐ ሰጥተው ቢፈቱት በጄ አልል አለ፤ አያ ደምሴ ይቅር ሳይሉኝ ማን ሊፈታኝ ነው ይል ነበር። ሰዉም እየለመደው ሄደ። ዓመታት አለፉ፣ እኔም ቁመቴ እናቴን ደረሰ፣ አባቴ ያችን ጽዋ ያቀብላል እንጂ አይቀምስም።

አንድ ጊዜ፣ የኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ ተረኞቹ እኛ ሆነን አባቴ ጽዋዋን ሲዘረጋላቸው እትዬ አስካለ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከተቱ። አባቴ አላዩኝም ብሎ መሰለኝ ይበልጥ ዘረጋላቸው። እጃቸውን አላወጡም። ከእሳቸው ወዲያ የተቀመጡት ተራቸውን ይጠብቃሉ፣ ዳቦው አልተቆረሰም።

«አንተ ካልጠጣህ እኔም አልቀበልህም» አሉት። «እሱን ታረቅ አላልኩህም፣ እሱ ሄዷል። እኔ ነኝ እዚህ ያለሁት። ከኔ ጋር ጠጣ።»

አባቴ ጽዋዋን ወደ ራሱ ሲመልስ ጠላው በጠርዙ ፈስሶ ጉልበቱን አረጠበው። እትዬ አስካለ እጃቸውን አውጥተው ጽዋዋን ከስር ደገፉለት፤ ሁለቱም እንደያዟት ጎነጨ፣ ዋጠ፣ እንደ ሕፃን ልጅ እየተንሰቀሰቀ አለቀሰ። ያን ቀን ዳቦው ስለዘገየ ያጉረመረመ ልጅ አልነበረም።

አሁን አባቴም፣ እትዬ አስካለም፣ መምሬ ጥበቡም የሉም። እኔም እዚህ ከተማ የሚካኤል ማኅበር አለኝ። ሰዎቹ ደግ ናቸው፣ ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ሰዓታችን ውስን ስለሆነ ያዘነ አለ ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ለጤና ጥሩ ነው ተብሎም የምንጠጣው በየራሳችን ብርጭቆ ነው፣ እና ማን እንደቀመሰ፣ ማን እንደተወ ማንም አያይም። ቀደም ሲል ሁለት ሴቶች ተቃቃሩና አንደኛዋ መምጣት ተወች። ቤቷ ሩቅ አይደለም፣ ከአስፋልቱ ማዶ ነው፤ አንድ ሁለት ጊዜ ደወልንላት፣ አላነሣችም፣ የራሷ ጉዳይ ነው ተባለ። ባለፈው ወር ወንበሯ ላይ አንዷ ቦርሳዋን አስቀመጠችበት፤ ጸሎቱ ደረሰ፣ እኛም ሁላችን ጠጣን።