ገብስ ውስጥ የቆየው ቢራ

ትናንት ክርስትና አባቴን ልጠይቅ ሄጄ... አሁን ድረስ ፊቴ ይፋጃል። ልጻፈውና ይውጣልኝ።

መጀመሪያ ስለ ሥራዬ ልንገራችሁ። ጎንደር፣ ቁስቋም አካባቢ ትንሽ ግሮሰሪ አለችኝ፤ ቢራ ነው የምሸጠው። የዘንድሮ ጠጪ ደግሞ ጉድ ነው! ድሮ «ቀዝቃዛ ነው?» ብሎ ብቻ ነበር የሚጠይቀው። አሁን ጠርሙሱን ገልብጦ የተመረተበትንና የሚያበቃበትን ቀን ሳያይ ቆርኪውን አያስነካም።

አንዱ ደንበኛዬማ በቅርብ የተመረተ ካልሆነ ወደ አፉ አያስጠጋም። አንድ ቀን ልፈትነው ብዬ አዲሱንና ከረም ያለውን በሁለት ብርጭቆ ቀዳሁለት። ከረም ያለውን ቀመሰና «አዲሱ ይሄ ነው! ጣዕሙ ራሱ ይናገራል!» ብሎ ጭልጥ አደረገው። ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ። ግን ምን ዋጋ አለው፣ ስስቅበት ከርሜ እኔም እንደሱ ሆንኩ። ቢራ እጄ ከገባ ዓይኔ ቀድሞ ቀኑ ላይ ነው የሚያርፈው።

ክርስትና አባቴ አያ መኳንንት ከዳባት ወጣ ብሎ የሚኖሩ ገብስ አራሽ ናቸው። አባቴ ከሞተ ወዲህ አባቴ የምለው እሳቸውን ነው። በደወሉ ቁጥር «መቼ ነው የምትመጣ?» ይሉኛል። እኔም አፌ አይሰንፍ፣ አምና «ለጥምቀት እመጣለሁ!» አልኳቸው። ጎንደር ላይ ቢራ የሚሸጥ ሰው በዚያ ሁሉ ገበያ ለጥምቀት ገጠር እሄዳለሁ ካለ ወይ ሰክሯል ወይ ዋሽቷል። እኔ አልሰከርኩም ነበር። ከዚያ «ለፋሲካ» አልኩ፣ ከዚያም ሌላ አልኩ... ሥራ በዛብኝ፣ መንገዱ እንዲህ ሆነ፣ መቼም ሰበብ አይጠፋም።

ትናንት ግን የኅዳር ሚካኤል ዝክር አለባቸውና እንደምንም ሄድኩ። ቤቱ በጎረቤት ሞልቷል። አያ ሲያዩኝ ጋቢያቸው እስኪወድቅ ዘለው ተነሱና አቀፉኝ። «መጣ! ልጄ መጣ! ሸጋ አደረግህ!» ይላሉ ደጋግመው። ለሁሉም ጠላ ይቀዳል። እኔ ጋ ሲደርስ ግን ከለከሉ። «ተዉት፣ የሱ ሌላ ነው» ብለው ባለቤታቸውን እማማ ዘውዴን በዓይን ጠቀሷቸው።

እማማ ዘውዴ ጓዳ ገብተው ጎታው ውስጥ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ከተቱ። ገብሱን በረበሩ፣ በረበሩና... አንድ ጠርሙስ ቢራ አወጡ። ቀዝቀዝ ብሎ እንዲቆይ ነው ገብስ ውስጥ የተቀበረው። በነጠላቸው ጫፍ ጠራርገው በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። ቤቱ ሁሉ እኔን ያያል። ከዚያ ሁሉ ሰው ቢራ የቀረበልኝ እኔ ብቻ ነኝ።

እኔ ሆዬ... ገልብጬ ቀኑን አየሁ!

«ኧረ አያ! ይሄ እኮ አይጠጣም! ነሐሴ ላይ ጊዜው አልፎበታል!»

አያ ማንበብ አይችሉም፤ ጠርሙሱን ተቀብለው ግራ ቀኝ አገላበጡት። «ምነው? ምን ሆነ?» አሉ።

አንድ ጎረቤት ደግሞ «ቢራም ቀን ይቆረጥለታል እንዴ? የኛ ጠላ ሲቆይ ይቆመጥጥ እንደሆን ነው እንጂ ቀን አይጻፍበት» አሉ። ሰው ሳቀ። እዚያ ላይ ዝም ብል ምን ነበረበት! እኔ ግን ይባስ ብዬ ተነሳሁ።

«ማነው ይሄን የሸጠልዎት? ባላገር ናቸው፣ አያውቁም ብሎ ነው አይደል? ሌባ! ሱቁን ብቻ ያሳዩኝ፣ ዋጋውን ነው የምሰጠው!» ስልኬን አውጥቼ ቀኑን ፎቶ አነሳሁት። እዚሁ ገጼ ላይ ለጥፌ ነጋዴውን ላዋርደው እኮ ነው...

አያ አቀረቀሩ። «ተወው ልጄ... ሰውየው አላጠፋም» አሉ።

«እንዴት አላጠፋም? እንደ እርስዎ ያለውን ስንቱን አታሎ ይሆን!»

«ስማ ልጄ» አሉ እማማ ዘውዴ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «ነጋዴው ምን ያርግ? ክርስትና አባትህ ሲገዛው አዲስ ነበር። ለጥምቀት እመጣለሁ ያልህ ጊዜ፣ 'ከተሜ ቢራ ነው የሚወድ' ብሎ ገዛልህ። ስትቀር 'ለፋሲካ ይመጣል' ብሎ መልሶ ቀበረው። ለፋሲካም ቀረህ። ልጃችንን ስንድር አጃቢው ቢራ ቢጠይቅ እንኳ 'የሱን እንዳትነኩ' ብሎ አላስነካም።»

ጠርሙሱን ተቀብዬ እንደገና አየሁት። የተመረተው ታኅሣሥ ነው... ጥምቀት ሊደርስ ሲል። ሌባ ብዬ የሰደብኩት ሰው ለሽማግሌው አዲሱን መርጦ ነው የሸጠላቸው። አሮጌ ያደረግሁት እኔ ነኝ።

የምገባበት ጠፋኝ። ጎረቤቶቹ ለእኔ አዝነው ይሁን አፍረውልኝ፣ ሁሉም ጠላቸው ውስጥ ዓይናቸውን ተከሉ። «ግድ የለም አያ፣ ይከፈትልኝና ልጠጣው» ብል፣ «አይሆንም፣ ሆድህን ያምሃል» ብለው ቀስ ብለው ከእጄ ወሰዱት። እንደዚያ አድርጌያቸውም የሚያስቡት ለሆዴ ነው! ከዚያ ለእኔም እንደ ሰዉ ጠላ ተቀዳልኝ። ጠላው ደግሞ እንዴት ያለ ጠላ መሰላችሁ። ግን አንዴ ተጎንጭቼ አስቀመጥኩት።

ፎቶውን እዚያው ቁጭ ብዬ አጠፋሁት።

ስሰናበት ጉልበታቸውን ሳምኩ። ያ የማይሰንፍ አፌ ደግሞ ቀደመኝ፣ «ለጥምቀት እመጣለሁ አያ!»

ሳቅ አሉ። ትከሻዬን መታ መታ አድርገው እንዲህ አሉኝ፣ «እሺ ልጄ። እንግዲህ ግን ቢራ አንገዛም፣ ጠላ እንጠምቃለን። ጠላ እንደሆን አንተ ብትቀርም ጎረቤት ይጠጣዋል።»

ስንት ዓመት ቢራ ስሸጥ... ሳልቀምሰው የመረረኝ ይሄ ብቻ ነው።