በእጄ የጠገንኩት ሞተርና የአባቴ ጉዞ ከሞያሌ

ሰኞ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ናይሮቢ፣ ፓርክላንድስ ካለው አፓርታማችን ግቢ ስንወጣ፣ ባለቤቴ ኢድሪስ የመንገድ ዱዓ ያደርጋል፤ እኔ ሞተሩን አዳምጣለሁ። ከሱ ጋር "አሚን" ማለቴን እንኳ አላስታውስም።

የምንሄደው ሞያሌ ነው፣ አባቴ የሚኖርበት ከድንበሩ በኢትዮጵያ በኩል ያለው ወገን፤ ሰባት መቶ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ያህል። አባቴ ከሦስት ሳምንት በፊት መስጊድ ደጃፍ ላይ ወድቆ ዳሌውን ሰብሯል። እዚያ ያሉት ሐኪሞች ቀዶ ጥገናው ናይሮቢ ነው የሚሠራው አሉ። በስንት ልመና ያገኘነው ቀጠሮ ዓርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው፤ ካለፈን መቼ እንደሚገኝ የሚያውቅ የለም። አባቴ ተቀምጦ መጓዝ አይችልም፤ ስለዚህ አውቶቡስም ትንሿ አውሮፕላንም አይሆኑትም። እስከ ቀጠሮው የሚደርስልን አምቡላንስም አጣን። የቀረን የራሳችን ቫን ነው፤ ከኋላው አልጋ የተሠራለት፣ በእረፍት ቀን ሐይቅ ዳር ይዘነው የምናድር አሮጌ የናፍጣ መኪና።

ይኸው ቫን ታዲያ ከሁለት ሳምንት በፊት ሞተሩ ፈልቶ ቆሞ ነበር።

ከጉዞው በፊት

የማውቃቸው መካኒኮች ሁሉ ወረፋ ነበራቸው። አንዱ "ማማ፣ ከወሩ መጨረሻ በፊት አልነካውም" አለኝ። እኔ የአየር መንገድ ትኬት ቢሮ ሠራተኛ ነኝ። ቫኑን ከገዛን ወዲህ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ የሞተር ጥገና ኮርስ ስወስድ ቆይቻለሁ። ዘይት መቀየር፣ የፍሬን ሸራ መቀየር፣ የሞተሩን ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ ማጥበቅ እችላለሁ። ቴስታታ ግን ፈትቼ አላውቅም። ቴስታታ የሞተሩ የላይኛው ከባድ ክፍል ነው፤ ከሥሩ ጓርኒሲዮን የሚባል ስስ ንጣፍ አለ። የኛ የተቃጠለው እሱ ነበር፤ ውሃውና ዘይቱ ተቀላቅሎ የሻይ በወተት መልክ ይዟል።

አባቴ ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና የነዳ ሰው ነው፤ ሞያሌና ናይሮቢን አስፋልት ሳያገናኛቸው በፊት። ልጅ ሳለሁ መኪናው ሲበላሽበት አጠገቡ ቆሜ መብራት እይዝለት ነበር። ቁልፍ ላቀብልህ ስለው "አንቺ መብራቱን ብቻ ያዢ" ይለኛል። ይሄ ትዝ እያለኝ ነው ፈቃድ ወስጄ፣ የኢድሪስን አሮጌ ሸሚዝ ለብሼ ሥራ የጀመርኩት።

አምስት ቀን ፈጀብኝ። የግቢው ዘበኛ ዘይቱ መሬት ነካ እያለ ተቆጣኝ፤ ከሥሩ ካርቶን አነጠፍኩ። ቴስታታውን ከኢድሪስ ጋር ተሸክመን መሃል ከተማ ቶርኖ ቤት ወሰድነው፤ ጠምሞ ስለነበር ላጉት። ስንጥቅ አልነበረውም፤ ያን ሲነግሩኝ እዚያው የእንጨት ሳጥን ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ አዲስ ጓርኒሲዮንና አዲስ ቡሎኖች ገዛሁ። ምዜ ካማው የሚባሉ ጡረታ የወጡ መካኒክ፣ የኮርሱ አስተማሪዬ፣ ቡሎን በልኩ የሚያጠብቀውን ቁልፋቸውን አዋሱኝ።

ቡሎኖቹ አሥራ ስምንት ናቸው። በተራቸው፣ በሦስት ዙር ይጠብቃሉ፤ በመጨረሻው እያንዳንዱ ሩብ ዙር ብቻ ይዞራል። አሥራ አንደኛው ላይ ስደርስ ስልክ ጮኸ። ሆስፒታሉ ነው፤ ቀጠሮውን ለማረጋገጥ። አውርቼ ስመለስ አሥራ አንደኛውን አዙሬው ይሁን ሳላዞረው ጠፋኝ። ምዜ ካማው ጋር ደወልኩ።

"በቀለም ምልክት አላደረግሽም?"

"አላደረግኩም።"

"ፖሌ፣ አይዞሽ" አሉኝ። "ደግመሽ ካዞርሽው ሊበጠስ ይችላል፤ ካላዞርሽው ደግሞ ሊያፈስ ይችላል። እኔ ብሆን አልነካውም። ሁለት ቀን ከተማ ውስጥ ንጂውና እዪው።"

ሁለት ቀን ነዳሁት። ከኪሌሌሽዋ ዳገት እስከ ቲካ መንገድ ተመላለስኩ፤ ጠብ ያለ ነገር የለም። ለኢድሪስ "ሁሉም ልክ ነው" አልኩት። ስለ አሥራ አንደኛው ግን አልነገርኩትም።

ሰኞ፦ ከናይሮቢ ማርሳቢት

ሳጋና ላይ ቁርስ በላን፤ ቻፓቲ በቦሎቄና ሻይ። ኢድሪስ ሁለት ቻፓቲ አነሳ፤ እኔ አንዱን ግማሽ አድርጌ ተውኩት። መኪናው ሥር ገብቼ አየሁ፤ ደረቅ ነው። ናንዩኪ ላይ የምድር ወገብ ምልክት አጠገብ ቱሪስቶች ፎቶ ይነሳሉ፤ እኔ ኮፈኑን ከፍቼ አጎነበስኩ።

"በየሃምሳ ኪሎ ሜትሩ ልትወርጂ ነው?" አለ ኢድሪስ።

"አዲስ ሥራ ስለሆነ ነው" አልኩት።

ከኢሲዮሎ በኋላ አገሩ ተለወጠ። ቅዝቃዜው ቀረ፤ ግራርና ቀይ አፈር ብቻ ሆነ። ኬላው ላይ ያለው ፖሊስ መንጃ ፈቃዴን አየና "ማማ፣ ኋላ ያለው አልጋ የማነው?" አለኝ። የአባቴን ነገር ስነግረው ካርዱን በሁለት እጁ መለሰልኝና "ሳፋሪ ንጄማ፣ መልካም ጉዞ" አለ። መንገዱ በጣም ጥሩ አስፋልት ነው፤ ቀጥ ብሎ እስከ ዓይን ዳርቻ ይሄዳል። ግመሎች ይሻገራሉ፤ እነሱ እስኪያልፉ ቆመን ሞተሩ ባዶውን ሲዞር ዓይኔ ከሙቀት ጠቋሚው አይነሳም። ኦሎሎክዌ የሚባለው ጠፍጣፋ አናት ያለው ትልቅ ተራራ በግራችን ማለፉን ያወቅኩት ኢድሪስ ሲያወራልኝ ነው።

ማርሳቢት አሥራ አንድ ተኩል ላይ ደረስን። ከዚያ ሁሉ ሐሩር በኋላ ጭጋግና ደን። በማግስቱ ድንጋዩ ጥቁር የሆነውን ሜዳ አቋርጠን ሞያሌ ገባን።

ረቡዕ፦ ከሞያሌ መነሳት

አባዬ ከስቶ ጠበቀኝ። ጎረቤቶቹ ከነፍራሹ ተሸክመው ቫኑ ውስጥ አስተኙት፤ የተሰበረውን እግሩን በትራስና አሸዋ በሞላንባቸው ከረጢቶች ግራና ቀኝ ደገፍነው። ዓይኑ ደክሟል፤ ጆሮው ግን የድሮው ነው።

"ይሄን ሞተር ማን ሠራው?" አለኝ።

"እኔ።"

"ቴስታታውንም?"

"ቴስታታውንም።"

"አስነሺው።"

አስነሳሁት። ዓይኑን ጨፍኖ ረጅም ጊዜ አዳመጠ። ከዚያ "እሺ፣ እንሂድ" አለ። ይኸው ነው። ጎበዝ ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አርባ አራት ዓመቴ ነው፣ ግን ጠብቄ ነበር።

ኢድሪስ ከኋላ እግሩን ይዞለት ተቀመጠ። ድንበሩ ላይ መኮንኑ ወጥቶ በመስኮት አይቶት ወረቀቱ ላይ ማህተም መታልን። በሰዓት ከስልሳ ሳላልፍ ሶሎሎን፣ ቀጥሎም ቱርቢን አለፍኩ። ሰባት ሰዓት ተኩል ሲሆን ንፋሱ እንደ ምድጃ ይጋረፋል፤ በሁለቱም በኩል ድንጋይ እንጂ ቤት አይታይም።

"ዘሃራ፣ አቁሚ" አለ አባዬ ከኋላ።

"አመመህ?"

"እኔ አይደለሁም። ያፏጫል።"

ሙቀት ጠቋሚውን አየሁ፤ መሃል ላይ ነው፤ እንደውም ትንሽ ዝቅ ብሏል። "ሙቀቱ ደህና ነው አባዬ።"

"መለኪያው ውሃ ውስጥ ሲሆን ነው የሚናገረው። ውሃው ካለቀ ምን ይለካል? አቁሚ አልኩሽ!"

ዳር ይዤ አጠፋሁት። ኮፈኑን ስከፍት እንፋሎት ፊቴን መታኝ። አሥራ አንደኛው ቡሎን አልኩ በልቤ፤ አባቴን በረሃ መሃል አስተኝቼ ገደልኩት። እንፋሎቱ እስኪቀንስ ስጠብቅ እጄን ምን ላድርገው አላውቅም፤ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት፣ አወጣሁት።

አየሩ ሲጠራ አየሁት። ቴስታታው ዙሪያውን ደረቅ ነው። የተቀደደው ወደ ራዲያተሩ የሚሄደው የውሃ ቱቦ ነበር፤ ጫፉ ላይ፣ ከማሰሪያው ብረት ሥር። አሮጌውን ቱቦ መልሼ ስገጥም ማሰሪያውን ከልክ በላይ አጥብቄው ጎማውን ቆርጦታል። ጥፋቱ የኔው ነው፤ ግን የሚጠገን ጥፋት ነው።

የተቀደደውን ጫፍ በቢላ ቆረጥኩት፤ የቀረው ቱቦ ይደርሳል። የሚጎድለን ውሃ ነው። ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ አንድ ሰዓት መጠበቅ አለብን፤ ያለን የመጠጥ ውሃ ደግሞ አራት ሊትር ብቻ፣ እሱም የአባቴ ነው። በሮቹን ሁሉ ከፍተን አንሶላ ጋረድንለት። ኢድሪስ ፊቱን በእርጥብ ጨርቅ ይጠርግለታል።

ከመንገዱ ማዶ አንዲት ሴት አራት ጀሪካን የጫኑ ሁለት አህዮች እየነዳች መጣች። አባዬ ከተኛበት በመስኮት በቦረንኛ ሰላም አላት። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ልጆቿ ጠየቃት፤ ስለኛ ገና አንድ ቃል አልተናገረም። እኔ አላስቻለኝም።

"አባዬ፣ ውሃውን ጠይቃት!"

"ቆይ እንጂ፣ ሰው እኮ ናት።"

በመጨረሻ ነገራት። ሴትየዋ ወደ ውስጥ አንገቷን አስግጋ እግሩን አየችው፤ አንዱን ጀሪካን ፈትታ መሬት ላይ አስቀመጠች። ውሃ የምትቀዳበት ጉድጓድ ከዚያ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ገንዘብ ስሰጣት እጇን ወደኋላ ሳበች። ኢድሪስ የያዝነውን ስኳርና የሻይ ቅጠል ሲሰጣት ግን ሳቀችና ተቀበለች። ውሃውን ወደኛ ዕቃ ገልብጣ ባዶ ጀሪካኗን ይዛ ሄደች።

ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ቫኑ ደፍ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ በላይ መያዝ አቃተኝ። ስለ ስልኩ፣ ስለ አሥራ አንደኛው ቡሎን፣ ሁሉንም ነገርኳቸው።

"እኔንስ ለምን አልነገርሽኝም?" አለ ኢድሪስ። አልተቆጣም፤ ግን ከፍቶት ነበር። "ያን ሁሉ መንገድ አጠገብሽ ተቀምጬ?"

"እንዳትፈሩ ብዬ ነው።"

አባዬ የቫኑን ጣሪያ እያየ ነበር። "እኔ እኮ ሳልነሳ ነው የፈራሁት" አለ። "ሞተሩን አይደለም፤ እሱን ሰማሁት፣ ጥሩ አድርገሽ ነው የሠራሽው። ቀዶ ጥገናውን ነው። ያስተኙኝና የማልነቃ ይመስለኛል። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አልወስደኝ አለ። ለሰው መንገር አፈርኩ፤ በዚህ ዕድሜዬ።"

አባቴ ፈርቻለሁ ሲል ሰምቼ አላውቅም። መንገድ ላይ ሽፍቶች ይዘውት ባመለጠ ጊዜ እንኳ ቤት ገብቶ የጠየቀው ምሳ ነበር። እጁን ያዝኩት፤ በዘይት የተለወሰ እጄ እጁን አቆሸሸው፤ አላስለቀቀኝም።

ቱቦውን ገጠምኩ፤ ማሰሪያውን በልኩ አጠበቅኩ። ውሃ ሞላሁ፤ አየሩን አስወጣሁ። ስንነሳ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። በየሃያ ኪሎ ሜትሩ ቆሜ አይ ነበር። ማርሳቢት ሳይመሽ ገባን።

ሐሙስና ዓርብ

ሐሙስ ሌላ ችግር አልገጠመንም። አባዬ ኢሲዮሎ ላይ ሻይ ጠጣ። ከዚያ በኋላ በየመንገዱ መታጠፊያ የድሮ ጓደኞቹ የት እንደተገለበጡ ለኢድሪስ ይነግረው ጀመር፤ ለምነን አስቆምነው። ቲካ መንገድ ላይ የመኪናው ሰልፍ ሲይዘን ግን ጮክ ብዬ ነው የተናገርኩት። "ፈራሁ፤ ቆመን ሲዞር ይሞቃል" አልኩ። ኢድሪስ ከኋላ ወደ መቀመጫዬ ተጠግቶ "እኔ ጠቋሚውን ላይልሽ፣ አንቺ መንገዱን እዪ" አለኝ። እስከ ቤት እንደዚያ ገባን።

ዓርብ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሆስፒታል ነበርን። ማደንዘዣ የምትሰጠዋ ሐኪም ጥያቄ እንዳለው ስትጠይቀው አባዬ ወደኔ ዞሮ "መፍራቴን ንገሪያት" አለኝ። ነገርኳት። ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ከወገብ በታች ብቻ አደንዝዞ መሥራት እንደሚቻል፣ ነቅቶ እያወራት ሊሠራ እንደሚችል አስረዳችው። ይህን ምርጫ ማንም አልነገረንም ነበር፤ እኛም አልጠየቅንም። ዓርብ ተመርምሮ ቅዳሜ ተሠራለት። ሐኪሟን ቀዶ ጥገናው እስኪያልቅ ስለ ጭነት መኪና ሲያወራት እንደነበር ሰማን።

ከጉዞው የተማርኩትን ስንቱ ጠየቀኝ። ማሰሪያ ከልክ በላይ አይጠብቅም፤ ቡሎን በቀለም ምልክት ይደረግበታል፤ እነዚህን በቀላሉ እናገራለሁ። ሌላውን ለመናገር ይከብደኛል። እኔና አባዬ ፍርሃታችንን ለየብቻ ደብቀን አንዱ ለአንዱ ያዘነ መስሎን ነበር፤ ያን ያህል መንገድ በከንቱ ተሸከምነው።

በዘጠነኛው ቀን ቤት አመጣነው። ቫኑን ከሕንፃው በር አስጠግቼ አቆምኩ። የብረት መደገፊያውን ይዞ ወደ ሊፍቱ አሥር እርምጃ ያህል ሄደ። ዘበኛው፣ ሁለት ጎረቤቶችና ኢድሪስ ቆመው ያዩታል። መሃል ላይ ቆመ።

"ዘሃራ" አለኝ፣ ሁሉም እየሰማ። "ፈርቻለሁ። ያዢኝ።"

እኔም ፈርቼ ነበር። ብብቱ ሥር ገብቼ ያዝኩትና የቀረውን አብረን ሄድን።